የእናቴን እርምጃ ለቆጠረችው አርክቴክት

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሆን ብዬ ሁለት ክረምት ጠብቄአለሁ። አዲስ ቤት ሁሉ ያምራል፤ ቤትነቱ የሚታወቀው ግን ሐምሌና ነሐሴ ሲያልፉበት ነው። እነሆ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ግድግዳው ሳይረጥብ፣ ጥጉ ሳይሰነጠቅ፣ እናቴም በሰላም ስለተቀመጠች፣ አንኮበር አካባቢ ያለውን የገጠር ቤታችንን ለነደፈችልን አርክቴክት፣ እንዲሁም ድንጋዩን በእጃቸው ላቆሙት የአካባቢው ግንበኞች በአደባባይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

አገሩን የሚያውቅ ሰው የነገሩ ክብደት ይገባዋል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከደጋው ጫፍ ላይ ሆና የአፋርን ቆላ ቁልቁል የምታይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት መናገሻቸው የነበረች ቦታ ናት። መሬታችን ተዳፋት ነው። በበጋ ነፋሱ ከምሥራቅ እየተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ያፏጫል፤ በክረምት ጉሙ እቤት ድረስ ይገባል። አባቴ የሠራው ቤት አርጅቶ ማፍሰስ ሲጀምር እናቴን አዲስ አበባ አመጣኋት፤ ሦስት ሳምንት ታግሳ «መልሰኝ» አለችኝ። ዓይኗ ደክሟል፤ በደንብ የምትንቀሳቀሰው እግሯ በለመደው ግቢ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያው መሬቷ ላይ፣ ለእሷም ለአገሩም የሚስማማ ቤት ለመሥራት ወሰንኩ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ባለሙያዎች አቃጥለውኛል። የመጀመሪያው መሬቱን ሳይረግጥ ንድፉን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ አዲስ አበባ ቢቆም የሚያምር ቪላ ነበር። የነፋሱን ነገር ሳነሳበት «ሂተር ትገዛላችሁ» አለኝ፤ መብራት ስንት ቀን ጠፍቶ ስንት ቀን እንደሚመጣ ለመጠየቅ እንኳ አልፈለገም። ሁለተኛው መምጣቱንስ መጣ፤ ግን ገና ከመኪናው እንደወረደ ዶዘር ገብቶ ተዳፋቱ ካልተደለደለ፣ ከግቢው መሐል ያለው የአያቴ ወይራም ካልተቆረጠ ሥራ እንደማይጀምር ነገረኝ። ወይራው እንዲቆረጥ እምቢ ብዬ መሠረቱን ለማስቆፈር ተስማማን። ቀብዱን ተቀብሎ መሠረት አስቆፈረ፤ የሰኔ ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶ የታችኛውን ካብ ይዞት ወረደ። ስደውልለት በመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ስልኩ ዝግ ነው። ስማቸውን አላነሳም። ያን ክረምት ግን እናቴ በተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ በዳበሳ ስትመላለስ እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበትን ሌሊት እነርሱም ቢያውቁት ደስ ይለኝ ነበር።

በወዳጅ ጥቆማ ያገኘኋት አርክቴክት (በዕድሜ ታናሼ ስለሆነች አንቺ እንድላት ራሷ ለምናኝ ነው) የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ክፍል ብዛትም ስለ ገንዘብም አልነበረም። «እማማ፣ በጎቹ ሲበርዳቸው የት ነው የሚተኙት?» ስትል እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ ስቃ ከትልቁ አለት ጀርባ ያለውን ቦታ በእጇ አመለከተች። ቤታችን ዛሬ የቆመው እዚያ ነው፤ አለቱም አልተነካም፣ ወይራውም አልተቆረጠም። በሐምሌ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ተመልሳ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ዝናብ እየወረደባት ጎርፉ የሚሄድበትን መንገድ በችካል ስታመለክት ዋለች። ያ ሁለተኛው ባለሙያ ያስቆፈረው መሠረት ልክ በጎርፉ መንገድ ላይ ነበር።

ሁሉንም ብረሳ የማልረሳው ግን የአመዱን ቀን ነው። የአዲሱን ቤት ንድፍ ሜዳው ላይ በአመድ አሰመረችና እናቴን «እስቲ ከመኝታዎ ተነስተው ወደ በሩ ይሂዱ» አለቻት። እናቴ ዘጠኝ እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ እጇን ዘርግታ መቃኑን ፈለገች። በአመዱ ላይ በሩ ገና ሁለት እርምጃ ይቀረው ነበር። አርክቴክቷ ምንም ሳትናገር እናቴን ይዛ ወደ አሮጌው ቤት ገባች፤ ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው ከኋላዋ እየተከተለች ቆጥራ በደብተሯ ጻፈች። ከዚያ ወጥታ የአመዱን መስመር በእግሯ አጥፍታ ንድፉን እንደገና ሠራችው። አንድም ተጨማሪ ብር አልጠየቀችኝም። ዛሬ እናቴ በአዲሱ ቤት ማንም ሳይመራት ዘጠኝ ሄዳ በሩን ትከፍታለች፤ የምትከፍተውም የአሮጌውን ቤት የወይራ በር ነው።

ስለ ግድግዳው ውፍረትና ስለ ፀሐይዋ አቅጣጫ በወረቀት ብዙ አስረድታኛለች፤ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ግማሹም አልገባኝም። የገባኝን ልናገር። በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ትልልቆቹ መስኮቶች ወደዚያ ዞረዋል፤ ቀን የሞቀው የድንጋይ ግድግዳም ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። በምሥራቅ በኩል ነፋሱን የሚጋፈጡት ዕቃ ቤቱና ጎተራው ናቸው። ድንጋዩ ከአሮጌው ቤትና ከፈረሰው ካብ የተለቀመ ሲሆን የውስጡ ልስን ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ነው። ጣሪያውን ሣር እንዲሆን ፈልጌ ተከራክሬአት ነበር፤ «ክዳኑን በየጊዜው የሚያድስልህ ማን አለ?» ብላ ረታችኝ። ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ጣሪያው 90 ካሬ ሜትር ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 900 ሊትር ውሃ ይገኛል። ምንጭ ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

እንከን የለባትም አልልም። ንድፉ ከተቀጣጠርንበት ሁለት ወር ዘግይቷል፤ ስትሠራም ስልክ አታነሳም። ነገር ግን ያለችውን አድርጋለች፤ ያላወቀችውንም ግንበኞቹን «ጋሼ፣ እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታደርጉት ነበር?» እያለች ጠይቃለች። ይህን የጠየቀ ባለሙያ ከዚያ በፊት አላየሁም።

የገጠር መሬት ያላችሁ፣ ለእናት ለአባታችሁ ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ እሷን አነጋግሩ፤ እባካችሁ። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ የግንበኞቹንም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ አትይዝም፤ ጎርፉን በዓይኗ ሳታይም መሠረት አታስቆፍርም፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ደውሉላት።