ቱሉዲምቱ የአያቴን ካሴት ያሰራሁበት ቤት

ድሮ የተቀዳ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ፋይል የት ይገለበጣል ለምትሉኝ፣ ቱሉዲምቱ አደባባይን አለፍ እንዳላችሁ ኮንዶሚኒየሙ ስር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፣ ታፔላዋ ላይ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ብቻ ነው የሚለው ስለዚህ እንዳታልፏት። ስራቸው አሪፍ ነው፣ ግን አንድ የሚያናድድ አመል አላቸው እሱን እነግራችኋለሁ።

የወሰድኩት የአያቴን ድምፅ ነው። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ጋር የዋሉ አርበኛ ነበሩ፣ አጎቴ በደርግ ዘመን ገጠር ወርዶ በትንሽ ቴፕ ቀዳቸው፣ ግማሹ ጨዋታ ግማሹ ፉከራና ቀረርቶ። ቴፑ ታዲያ በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሰራው፣ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ካሴቱ ቀስ እያለ ይቀዳል፣ ዛሬ በደህና ቴፕ ሲጫወት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሽማግሌው እየፈጠኑ እየቀጠኑ ሄደው መጨረሻ ላይ የሕፃን ድምፅ ይሆናሉ። የኛ ቤት ልጆች እዛ ጋ ሲደርሱ ይንከተከታሉ፣ አያቴ እኮ እዛ ጋ የሚያወሩት ወንድማቸው ስለወደቀበት ቀን ነው።

ልጁ (ባለሙያው ማለቴ ነው) መጀመሪያ ኮምፒውተር አልነካም። ካሴቱን ፈታው፣ ውስጥ ክሩን ሄዱ ላይ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የቴፑ ክፍል ነው) የምትጫነው ትንሽዬ ስፖንጅ ወልቃለች፣ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ አዛወረው፣ ሄዱን በአልኮል ጠረገ፣ ከዛ እያጫወተ ሄዱ ጎን ያለችውን፣ ሄዱን ከክሩ ጋር የምታስተካክለውን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በትንሹ ያዞራል ያዳምጣል ያዞራል። ባንዴ መጋረጃ የተነሳ ነው የመሰለኝ፣ ያለምንም ሶፍትዌር። ፍጥነቱን ለማስተካከል አጎቴ ጋ ደውሎ በስፒከር አሰማው፣ "ጋሼ እንዲህ ነበሩ ወይስ ትንሽ ወፈር ይሉ ነበር?" እያለ። አጎቴ "ዝቅ አርገው... አሁንም ዝቅ... እ፣ አሁን አባቴ ሆነ" አለ። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ስለሆነ የደከመው ማስተካከያውም ከመሀል ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው፣ ሙሉውን ባንዴ ብታወርደው መጀመሪያው ይበላሻል።

ፍጥነት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፓሪስ ውስጥ ኤዱዋር ሊዮን ስኮት የሚባል ሰው በ1860 እ.ኤ.አ. ጥቀርሻ በተቀባ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ዘፈን በ2008 በኮምፒውተር ተነቦ ሲሰማ የሴት ወይ የልጅ ድምፅ ነው ተብሎ ነበር፣ በኋላ ለካ በእጥፍ ፍጥነት ነው የተጫወተው፣ ሲስተካከል የወንድ ድምፅ ሆነ፣ ራሱ ስኮት ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ሹሹታውን (ከድምፁ ጀርባ ሽሽሽ የሚለውን) በተመለከተ ሁለት ፋይል ነው የሚሰጡት፣ አንዱ ምንም ያልተነካ አንዱ በልኩ የጸዳ። ጭራሽ አጥፋልኝ ብዬው ነበር፣ እሺ ብሎ አጥፍቶ አሰማኝ፣ ሹሹታው የለም ግን ሰ እና ሸም አብረው ሄደዋል፣ የካሴቱን ቋቋታ የሚለቅመው ፕሮግራም ደግሞ ጠ ን፣ ጨ ን እና ቀ ን እንደ ቋቋታ ቆጥሮ ይሸርፋቸዋል። ፉከራ ያለ ጠ እና ቀ ምን ይሆናል፣ ጥርስ የሌለው ሰው የሚፎክር ነው የሚመስለው። ትንሽ ሹሹታ ይኑር ብለን ተስማማን።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ግን ወረቀቱ ነው። የተባለውን ቃል በቃል ከነደቂቃው ጽፈው ይሰጣሉ፣ ያልተሰማው ቦታ ላይ በግምት ከመሙላት "አልተሰማም" ብለው ይተዉታል፣ ምንሽርና ውጅግራ የጠመንጃ አይነት መሆናቸውን ለማያውቅ ልጅ ከስር በአጭሩ ተጽፏል። ለእህቴ ልጆች አንዴ አንብበው ከዛ እንዲሰሙ አደረግኩ፣ ያው ድምፅ ነው ግን አሁን እያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ፣ የሳቀም የለም።

አሁን ወደሚያናድደው። "ለቲክቶክ የሚሆን" ብለው ሳልጠይቃቸው ከስር ዋሽንት ከላይ ማሚቶ የገባበት ሦስተኛ ፋይል ጨምረውልኛል። ወንድሜ ዋሽንቱን ማን አዘዘህ?! ይሄ በሽታ የሁሉም ነው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. በፎኖግራፍ ለአጼ ምኒልክ ድምጿን ልካ እሳቸውና እቴጌ ጣይቱም በሰም ሲሊንደር ድምፃቸውን መልሰውላታል፣ የዛን ጊዜ የሰም ሲሊንደር ደግሞ ሲበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ያቺን ሚጢጢ ነገር ፖስት የሚያደርገው ሰው ሁሉ ክራር ይደፋባታል። መስማት የፈለግነው እሳቸውን ነው ክራሩማ የትም አለ። ብቻ ስነግረው ልጁ ሳይከራከር አጠፋው።

ዋጋው ለአንድ ካሴት 1,500 ብር ነው፣ ጽሑፉን ጨምሮ። ውድ ነው የሚል ይኖራል፣ እኔ ግን የሰራውን ስላየሁ ውድ ነው አልልም። ቀጠሮ ግን አያከብሩም፣ መብራት ሄደ ይሏችኋል፣ እውነትም ሰፈሩ መብራት ይሄዳል፣ ቢሆንም መደወል ይቻል ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፣ ድምፁን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ ወይ ስልክ ቁጥሩን ያዙ፣ ፍላሽ ከቤታችሁ ውሰዱ እነሱ ጋ ያለው ውድ ነው፣ ዋናውን ካሴትም ተቀብላችሁ ውጡ።