ለባሕር ዳሩ ካሜራ ጠጋኝ ምስጋና፤ ውሃ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ለሚያምራችሁም ጥቆማ

ባሕር ዳር ካሜራ የሚጠግኑ፣ ያገለገለም የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት ነበራቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። ማመስገኑን ግን አልከለከሉኝም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ የውሃ ውስጥ ሕይወትን በፎቶ ማሳየት አማረኝ። ጣና ደጃችን ነው። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ያሉት እዚሁ ነው። ተማሪው ግን ዓሣን የሚያውቀው ተጠብሶ ሲቀርብ ብቻ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ብጠይቅ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ውሃ ከማያስገባ ሳጥኑ ጋር እንድገዛ መከሩኝ። የሳጥኑ ዋጋ ከካሜራው ይበልጣል። የአስተማሪ ደመወዝ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይመክርም።

ጋሼ ስለ ገንዘቤ አልጠየቁኝም። «የትኛው ውሃ ልትገባ ነው?» አሉ። ጣናም ዘንገና ሐይቅም አልኳቸው። «ሁለቱ እኮ አይገናኙም!» ብለው ሳቁና ወንበር ሳቡልኝ።

ጣና ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ በበጋም ነፋስ ሲነሳ ታቹ ይታመሳል። ትንሽ የራቀ ዓሣ ጥላ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እንዲህ ላለ ውሃ የሜጋፒክስል ብዛት ምንም አይፈይድም። ቁም ነገሩ ሌንሱ ምን ያህል ተጠግቶ ጥርት አድርጎ ያነሳል የሚለው ነው። በካሜራውና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ድፍርሱም ያንሳል። ይህን ያስረዱኝ የዓሣ ሥዕል ወረቀት ላይ ሞነጫጭረው ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት የካሜራ ማስታወቂያ ሁሉ የማይረባ ነገር የሚያወራ መሰለኝ።

ፍላሹን «አጥፋው» አሉኝ። በክረምት የዓባይን በረሃ በጉም የወረደ ሾፌር ረጅም መብራት አያበራም፤ ጉሙ ራሱ መልሶ ያንጸባርቅበታል። ድፍርስ ውሃም እንደዚያው ነው። ሌንሱ አጠገብ ያለ ፍላሽ ዓሣውን ትቶ ብናኙን ያበራና ፎቶው ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ሙያው የጠለቀላቸው ሰዎች ፍላሹን በረጅም ክንድ ወደ ጎን ያርቁታል። ለጀማሪ ግን የቀትር ፀሐይ ይበቃል።

እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከጣና በጣም ይጠራል፤ ይበርዳልም። እዚያ ያለው ችግር ቀለሙ ነው። ውሃ ከብርሃን ውስጥ መጀመሪያ ቀዩን ይውጣል። ጥቂት ሜትር ሲወረድ ሁሉም ነገር ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ ጋሼ ፎቶውን በጥሬው፣ ማለትም በ«ሮው» ፋይል የሚያስቀምጥ ካሜራ ካልሆነ አትግዛ አሉኝ። የጠፋውን ቀለም በኋላ ኮምፒውተር ላይ ለመመለስ ይሻላል።

ባገለገለ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ካሜራ ተስማማን። የወጣው በ2019 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። ያለ ሳጥን እስከ 15 ሜትር ይገባል፣ ሌንሱ ኤፍ 2.0 ነው (ብርሃን በደንብ ያስገባል ማለት ነው)፣ 1 ሳንቲሜትር ድረስ ተጠግቶ ያነሳል፣ ሮው ያስቀምጣል። ከሱ በኋላ በ2023 ቲጂ-7 ወጥቷል፤ ለእኔ የዋጋው ልዩነት አላዋጣኝም። የኒኮኑ ደብልዩ 300 እስከ 30 ሜትር ቢገባም ሮው የለውም። እኔ እንደሆን ከላይ ከላይ ነው የምዋኘው፤ 30 ሜትር ምን ያደርግልኛል? ጎፕሮ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ለቪዲዮ ግሩም ነው። ትንሽ ዓሣ ተጠግቶ ለማንሳት ግን አይሆንም። ስልኬን ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አይፒ 68 የሚባለው የስልክ ውሃ የመቋቋም ደረጃ በንጹሕና በረጋ ውሃ የተፈተነ ነው፤ ውሃ ገብቶ ቢበላሽ ደግሞ ዋስትናው አይሸፍንም።

ሰውየውን ያከበርኳቸው ግን ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። እጃቸው ላይ አንድ ቲጂ-6 ነበረች። ገንዘቤንም ይዤ ቆሜያለሁ። የባትሪውን በር ከፈቱ፣ ዙሪያውን ያለውን ጎማ በማጉያ መነጽር አዩ፣ «ይችን አልሸጥልህም» አሉ። ጎማው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። እኔ በዓይኔ አላየኋትም። አምራቹ እነዚህን ጎማዎች በየዓመቱ ማስቀየር ይመክራል፤ ያገለገለ የሚሸጥልን ሁሉ ግን ይህን አይነግረንም። ሌላ እስኪመጣ ጠበቅሁ። የመጣችውን ባትሪና ካርዷን አውጥተው በሳፋ ውሃ ውስጥ ነከሯት። አረፋ ቢወጣ ሊመልሷት ነበር። አልወጣም።

አያያዙንም አስተማሩኝ። እጅ ሳይደርቅ በሩን አለመክፈት። ጎማው ላይ አሸዋ ወይም ፀጉር አለመኖሩን ማየት። ቫዝሊን አለመቀባት። ከጣና ሲወጡ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ደለሉ ቁልፎቹ ሥር ይገባልና።

አሁን ደንገል ሥር የተሰበሰቡ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ቅርፊታቸው ሳይቀር የሚታይበት ፎቶ አለኝ። ክበባችን አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቡናማ ሆኖ የቀረውም ብዙ ነው፤ ጣና ነዋ! (እግረ መንገዴን፦ ጣና ላይ ጉማሬም ቢልሃርዚያም አለ። ቦታውን የሚያውቅ ዓሣ አስጋሪ ሳትጠይቁ፣ ብቻችሁንም አትግቡ።)

ጋሼ ርካሽ ናቸው አልልም። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ዛሬ ይደርሳል ያሉት ጥገና ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የሠርግ ቀን የቆረጣችሁ ቪዲዮ ቀራጮች አስቡበት። ዕቃ መርምሮ እውነቱን ለመናገር ግን የሚስተካከላቸው አላየሁም። ሱቃቸው የት እንደሆነ ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ወር በገባ በ23 ለጊዮርጊስ ስለሚዘጉ በዚያ ቀን አትልፉ። ካሜራችሁን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ቻርጀር የመጣ ዕቃ አይቀበሉም።