ባለ 6 ሞተር የውኃ ውስጥ ሮቦት በጣና ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሻጮች ስለዚህ ሮቦት አስቀድመው የሚያወሩት እስከ 100 ሜትር እንደሚጠልቅ ነው። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ለባሕር ዳር ገዢ ስለ ጥልቀት ተጨማሪ ብር መክፈል ትርፉ ድካም ነው፤ እዚህ ሮቦቱን የሚፈትኑት ደለል፣ የእምቦጭ ሥርና የዓሣ መረብ ናቸው።

ጠላቂ እያለ ሮቦት ለምን ለሚል፦ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ። የጀልባ ሆድ፣ የማረፊያ ምሰሶ ወይም የፓምፕ መምጠጫ ወንፊት ለማየት ሰው ውኃ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ለእነዚህ ሥራዎች ሮቦቱ ዋጋውን ያወጣል።

ካሜራው ብቻውን ግን አይበቃም። ክረምት ላይ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ አፈር ይዘው ሲገቡ ውኃው ማኪያቶ ይመስላል። መብራት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፤ ብርሃኑ ከደለሉ ላይ ነጥሮ ወደ ካሜራው ይመለሳልና። መብራቱን ወደ ሩብ አውርዶ አምፖሎቹን ወደ ውጭ ማዞር ይሻላል። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚያሳየው ሶናር ነው፤ ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ አካባቢውን የሚያሳይ መሣሪያ። በጀቱ ለአንድ ተጨማሪ ዕቃ ብቻ ከበቃ ሶናር ይገዛ። እሱም ቢሆን ቀጭን የናይለን መረብን በደንብ አያሳይም፤ መረብ የት እንደተጣለ ከዓሣ አስጋሪዎች አስቀድሞ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ለባሕር ተመዝኖ የመጣ ሮቦት ጣና ላይ ይሰምጣል። ጨው አልባ ውኃ ከባሕር ውኃ በ2.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀል፣ 11 ኪሎ ከሚመዝነው ሮቦት ላይ ወደ 280 ግራም የእርሳስ ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል። ሮቦቱን ላይ ካለው ነጂ ጋር የሚያገናኘው ገመድም በዚያው ምክንያት ጭቃ ላይ ይጎተታል፤ ሮቦቱ አጠገብ ባለው ጫፍ በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ ፎም ማሰር ይፈታዋል። የጥልቀት መለኪያው ቅንብር «ባሕር» ላይ ከተተወ 10 ሜትሩን ወደ 9.75 ዝቅ አድርጎ ያነባል። የባሕር ዳር የአየር ግፊትም ከባሕር ወለል ያነሰ ስለሆነ፣ ከመጥለቁ በፊት ውኃው ፊት ላይ ዜሮ ማድረግ ግድ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ፕሮፔለሩ ነው። የእምቦጭ ሥር ሲጠመጠምበት ሞተሩ ይቆማል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩቱም ሊቃጠል ይችላል። አስገድዶ ማዞር አይገባም። ወዲያው ሞተሮቹን አጥፍቶ በገመዱ መጎተት፣ ባትሪውን ነቅሎ ሥሩን በመቀስ መቁረጥ ነው። ሥራው ሲያበቃ ሞተሮቹን በንጹሕ ውኃ ባልዲ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ማዞር በሞተሩ ማግኔትና በሽቦ ጥቅሉ መካከል የገባውን ደለል ያወጣል። ከዚያም በጣት ሲዞር የሚሻክር ከሆነ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት (ቡሺንግ) ተበልቷል፤ ይቀየር።

ውኃ እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ የኦ-ሪንጉ ነገር የታወቀ ነው፦ ማጽዳት፣ በስሱ የሲሊኮን ግሪስ መቀባት። አንድ ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት ውኃ ለማስገባት ይበቃል። በእጅ ፓምፕ ከታሸገው የሮቦቱ አካል አየሩን ስቦ 15 ደቂቃ ጌጁን ሳያዩ ወደ ውኃ መልቀቅ ቁማር ነው።

ባትሪው 14.8 ቮልት፣ 18 አምፒር ሰዓት ነው፤ ማለትም ወደ 266 ዋት ሰዓት። በመንገደኛ አውሮፕላን ለሚያዝ ትርፍ ባትሪ ጣሪያው 160 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከአዲስ አበባ በመኪና ማስመጣት ነው። ሳይሠራ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉ አይተው፤ 15.2 ቮልት አካባቢ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ባትሪው ማታ ተሞልቶ ሥራው ጧት ቢያልቅ ይመረጣል።