ለሽሮ ሜዳዋ ሲስተር ምስጋና

ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ የ14 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጭቶ ወደቀ። ራሱን ስላልሳተ ተነሥቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ ቤት ከገባ በኋላ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ «ስንት ለስንት አለቅን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ሲያስመልሰው ወደ አንድ የግል ሕክምና ቤት ይዤው ሮጥሁ፤ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም እንደሌለ ተነገረንና ያለ ሌላ ምክር ተሸኘን።

ጎረቤቱ ሁሉ «እንዳታስተኙት» ስላለን ልጁን እየቀሰቀስን ሌሊቱን አነጋነው። ሰኞ ጠዋት ብርሃን ማየት ሲያቅተው ሽሮ ሜዳ ባለ አነስተኛ ክሊኒክ የሚሠሩ አንዲት ሲስተር ዘንድ ወሰድሁት። ሲስተር ወራትን ከጳጉሜን ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ጠየቁት፤ ሰኔ ላይ ሲደርስ ወደ ሐምሌ ተመለሰና ግራ ገብቶት ዐይን ዐይኔን ያየኝ ጀመር። በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ልጅ ነው።

ልጄን ያገኘው የአንጎል መናወጥ እንደሆነ፣ ይህም የአንጎልን አሠራር የሚያውክ ጉዳት በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በስካን እንደማይታይ፣ ራስን መሳትም የግድ እንዳልሆነ፣ ሐኪም ካየው በኋላ እንቅልፍ እንደማይከለከል አስረዱኝ። ማስመለሱ ከተደጋገመ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ የዐይኖቹ ብሌኖች መጠን ከተለያየ ወይም አልነቃ ካለ ግን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል እንድወስደው በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስልክና ቴሌቪዥን ቀንሶ እንዲያርፍ፣ ሆኖም ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ እንዳይውል፣ ከዚያም በእግር ጉዞ እንዲጀምር፣ ትምህርት ቤትም በግማሽ ቀን እንዲመለስ፣ ኳሱ የመጨረሻው እንዲሆን አዘዙ። በ9ኛው ቀን «ድኛለሁ» ብሎ ለግጥሚያ ሊሄድ ሲል (እኔም ልፈቅድለት ነበር) ሲስተር በግቢው ውስጥ ጥቂት አስሮጡትና «አሁንስ ራስህን አያምህም?» አሉት። መሬት መሬት እያየ «ትንሽ» አለ። ሳይድን ሌላ ምት ቢያገኘው የባሰ እንደሚጎዳው ነግረው ከለከሉት፤ ሊጫወት የቻለው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ራሳቸው የላኩን ሐኪም ሲፈቅድለት ነው።

ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ልጁ ጭንቅላቱን የተመታበት ወላጅ ሽሮ ሜዳ ደርሶ «ሲስተር የት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ነዋሪው ክሊኒኩን ያሳየዋል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አይጠፉም።