የአባትነት ፊልሞች ከዓመታት በኋላ ሲታዩ

ስለ አባትነት የተሠሩ የቆዩ ፊልሞች ዳግም ሲታዩ፣ ብዙዎቹ ከትዝታ በቀር የሚሰጡት ነገር እንደሌለ ቶሎ ይታወቃል። አባት ልጁን ሲመክር የምንሰማባቸው ትዕይንቶች ያረጃሉ፤ ልጅ አባቱን አተኩሮ ሲመለከት የምናይባቸው ግን ዛሬም ትኩስ ናቸው። ሦስት ፊልሞችን ደግሜ ያየሁት በዚህ መመዘኛ ነው።

ቀዳሚው ያለ ጥርጥር የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (እ.ኤ.አ. 1948) ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ በጠፋባት ሮም፣ አንቶኒዮ ፖስተር ለመለጠፍ የሚቀጠረው ብስክሌት ካለው ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታስለቅቅለታለች፤ ብስክሌቱም በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ቀሪው ፊልም አባትና ልጅ ከተማውን ሲያስሱ የሚውሉበት ነው። አባትየውን የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ ከፋብሪካ የመጣ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም፤ አረማመዱ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ትንሹ ብሩኖ በየደረሱበት ቀና እያለ የአባቱን ፊት ያነባል፤ አባት ግን ዓይኑ ከብስክሌት ስለማይነቀል፣ ልጁ በዝናብ ሲሮጥ አዳልጦት መውደቁን እንኳ በጊዜ አያይም። በኋላ በንዴት በጥፊ ይመታውና ሊክሰው ምግብ ቤት ይወስደዋል። እዚያም፣ በአጠገባቸው አንድ የሀብታም ልጅ ተንደላቆ ሲበላ፣ አባት ያመለጠውን ደሞዝ ልጁን እያስደመረ ይቆጫል። ስለ ድህነት ብዙ የሚናገሩ ፊልሞች ይህችን አንዲት ጠረጴዛ አያክሉም። መጨረሻውን ላላየው ሰው አልነግርም።

የጃፓናዊው ዳይሬክተር የያሱጂሮ ኦዙ «አንድ አባት ነበር» (እ.ኤ.አ. 1942) ትዕግሥት ይጠይቃል። ቺሹ ሪዩ የሚጫወተው መምህር በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ አንድ ተማሪ ሰጥሞ ስለሞተበት ሥራውን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ እሱና አንድ ልጁ አብረው ለመኖር እየተመኙ ዕድሜያቸውን ተለያይተው ይገፋሉ። ወንዝ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን እኩል የሚወረውሩበት፣ ልጁ ካደገም በኋላ የሚደገመው ትዕይንት ብቻውን ፊልሙን ያስወድዳል። ስለ ሥራና ግዴታ የሚሰጠው ረጅም ምክር ግን የጦርነት ዘመን ስብከት ይሸታል፤ በቆዩት ቅጂዎች ላይ ድምፁም በጣም የተጎዳ ነው።

የሮበርት ቤንተን «ክሬመር በክሬመር ላይ» (እ.ኤ.አ. 1979) አምስት ኦስካር ቢያገኝም ሁሉም ክፍሉ እኩል አላረጀም። ሚስቱ ጥላው የሄደች አባት ለልጁ በእንቁላል የተነከረ ዳቦ ሊጠብስ ሲሞክር ወጥ ቤቱን ሲያተራምስ፣ በኋላም ሁለቱ ያንኑ ቁርስ ቃል ሳይለዋወጡ ሲሠሩ ማየት አሁንም ደስ ይላል። ልጁን የተጫወተው ጀስቲን ሄንሪ በ8 ዓመቱ ለኦስካር መታጨቱ አይገርምም። የሚጎረብጠው ፊልሙ ለአባት ለማዳላት ሲል እናቲቱን ለረጅም ጊዜ ከዓይን ማራቁ ነው፤ በፍርድ ቤቱ ክፍል ሚዛኑን የሚያስተካክለው እናቲቱን የተጫወተችው ሜሪል ስትሪፕ ራሷ እንደገና የጻፈችው የእናት ምስክርነት ነው።

አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ለማየት ካሰቡ በዴ ሲካ ይጀምሩ፤ ሰብታይትል ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ታሪኩን ከፊቶቹ ይከተላል። የኦዙን ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማየት ይሻላል።