ለጃፓን ተማሪ ሞተር ብስክሌት፦ መከልከል ወይስ ማስተማር?

በጃፓን ሕግ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግን እንቢ ሊለው ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በመላው አገሪቱ የተስፋፋው የ«ሦስቱ ክልከላዎች» ዘመቻ ተማሪው ፈቃድ እንዳያወጣ፣ ሞተር እንዳይገዛና እንዳይነዳ ያዝዝ ነበር፤ በእረፍት ቀንም ቢሆን። ደንቡን የጣሰ ተማሪ ትምህርቱን እስከ ማቋረጥ ሊገፋ ይችል ነበር። በዚህ ሰበብ ክስ ተመሥርቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ለትምህርት ቤቱ ፈርዷል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያን ጊዜ ብዙ ወጣቶች በሞተር አደጋ ይሞቱ ነበር፤ በሌሊት መንገድ የሚያውኩ የሞተረኞች ቡድኖችም ነበሩ። የወላጆችን ስጋት አልንቅም።

የሳይታማ ግዛት ለአሥርተ ዓመታት የያዘውን ክልከላ በሚያዝያ 2019 ተወ። አሁን ተማሪው ከወላጆቹ ጋር ተመካክሮ ለትምህርት ቤቱ ያሳውቃል፤ ፈቃድ ካወጣ በኋላም የደኅንነት ሥልጠና ይወስዳል።

እኔ ያለ ማመንታት የሳይታማን መንገድ እመርጣለሁ። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ቢነዳ ማን ያርመዋል? ሳይነዳ ቢቆይም በተመረቀ ማግስት ምንም ሳይማር መንገድ ላይ ይወጣል። አውቶቡስ በማይበዛበት ገጠር ደግሞ ሞተር ቅንጦት አይደለም። ሥልጠናው አሠልጣኝና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ክልከላው የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ብዙዎች ክልከላውን የሙጥኝ ያሉት አንዱ ለዚህ ይመስለኛል።