ትንሽ የሞተር ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከሞተሩ በፊት ወለሉን እዩ

ትንሽ ጀልባ ስል ከ5 እስከ 6 ሜትር ተኩል ሚሆነውን፣ ኋላው ላይ አንድ አውትቦርድ ሞተር የተሰቀለበትን ማለቴ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ሌላ ወሬ ነው። ሰው ጀልባ ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ ሚጠይቀው ስንት ፈረስ ጉልበት አለው፣ ስንት ይሮጣል ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ወለሉን እዩ ባይ ነኝ። ሞተር ይቀየራል፣ ወንበር እንደገና ይለበጣል፣ የዓሣ መፈለጊያው ስክሪንም በሌላ ይተካል፤ መሪው የቆመበት ቦታና የወለሉ አከፋፈል ግን ከፋይበርግላሱ ጋር አብሮ የተሰራ ስለሆነ ከገዛችሁት በኋላ ምንም ማድረግ አትችሉም። ዓሣ ምታጠምዱ ከሆነ ደሞ ከምትሄዱበት ሰዓት ይልቅ ሞተር አጥፍታችሁ ምትቆሙበት ሰዓት ይበዛል። ስለዚህ እዚህ ሁሉንም አይነት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፣ ጀልባው ሲቆም ሰዉ የት ይሆናል፣ በየት በኩልስ ይተላለፋል።

ከሴንተር ኮንሶል ልጀምር (ኮንሶል ማለት መሪው ሚሰቀልበት ቋሚ ሳጥን ነው)፣ ዓሣ ሚያጠምድ ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ ሚያወራው ስለሱ ነውና፣ እውነቱንም ነው። መሪው መሃል ላይ ብቻውን ይቆማል፣ ዙሪያው በሙሉ ባዶ ወለል። ትልቅ ዓሣ መንጠቆ ሲይዝ እናንተ በቆማችሁበት በኩል አይጠብቃችሁም፣ በጀልባው ስር ያልፋል፣ ወደ ጀልባው አፍንጫ፣ ማለትም ወደ ፊት ጫፉ ይዞራል፣ ከዛ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይመጣል፣ ክሩ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ደሞ በቃ አለቀ። ሴንተር ኮንሶል ላይ ዘንጋችሁን ይዛችሁ አብራችሁት ትዞራላችሁ፣ ሚያግዳችሁ መስታወት የለ፣ በር የለ። መልህቅ ለመጣልም ሆነ ገመድ ለማሰር ወደ ፊት ስትሄዱ በወለሉ ላይ፣ በግድግዳው ውስጥ ነው ምትራመዱት፣ እንደ ሌሎቹ ጠርዝ ለጠርዝ እየተንጠለጠሉ መሄድ የለም።

ግን ሴንተር ኮንሶል የሚል ስም ስላለው ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም። ከኮንሶሉ ግራና ቀኝ ያለውን መተላለፊያ እዩት፣ መሪው ጋ ሰው አቁሙና በጎኑ እለፉ፣ ሳትጣመሙ ማለፍ ካልቻላችሁ 'ዙሪያውን ይዞራል' የሚለው ማስታወቂያ ወሬ ነው። አምራቾች ኮንሶሉ ውስጥ ሽንት ቤት አለ ለማለት ሲሉ አስፍተውት ወለሉን ሚበሉበት ሞዴል ብዙ ነው፣ 5 ሜትር ተኩል ጀልባ ላይ እንደዛ አይነት ሽንት ቤት ደሞ አዋቂ ሰው ጎንበስ ብሎም በመከራ ነው ሚገባበት። ከዛ የጎኑን ግድግዳ ከፍታ እዩ፣ ቆማችሁ ስትደገፉት ጭናችሁ መሃል አካባቢ ሚመጣ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጉልበት ጋ ወይም ከዛ በታች ከሆነ አንድ ሞገድ መጥቶ ሲያነቃንቃችሁ ጉልበታችሁ ይታጠፍና በአፍጢማችሁ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ከግድግዳው ስር ደሞ የእግር ጣታችሁ ሚገባበት ክፍተት ይኑረው፣ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ከባድ ዓሣ ከውሃ ለማውጣት ጎንበስ ስትሉ ግን ሚዛናችሁን ሚጠብቀው እሱ ነው።

መጥፎ ጎኑስ? ፀሐይና ንፋስ፣ ከዛ ሚረጭ ውሃ። ከኮንሶሉ ጀርባ የተጠጋጋ ሁለት ሰው ይጠለላል፣ ሌላው በሙሉ ይረጥባል። ከላይ የብረት ጣራ አሰርተን ጥላ እናገኛለን ሚሉ አሉ፣ ይገኛል፣ ግን በትንሽ ጀልባ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት መንገዋለሉን ያባብሰዋል፣ ንፋስም ይይዛል፣ ጣራው ላይ ሌላ ዕቃ መቆለሉማ ጭራሽ አይመከርም። አያቶች፣ ህፃናት፣ ዓሣ ማጥመድ ሚሰለቻቸው ሰዎች ሴንተር ኮንሶል ላይ ቀኑን ሙሉ አይደሰቱም፣ ይህን ቀድማችሁ እወቁት።

ዱዋል ኮንሶል እኔ በበኩሌ ለቤተሰብ ሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲያየው የምፈልገው ነው። ሁለት ኮንሶል ግራና ቀኝ፣ ከፊታቸው መስታወት፣ መሃላቸው ደሞ ወደ ፊት ሚያሳልፍ በር አለው። በሩንና የመስታወቱን መሃል ስትዘጉት ንፋሱ ይቆማል፣ ሹፌሩና አጠገቡ ያለው ሰው በሰላም ያወራሉ። ፊት ለፊት መቀመጫዎች አሉ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች መሃሉን በትራስና በጣውላ ሞልታችሁ ቆሞ መወርወሪያ መድረክ ማድረግ ይቻላል። ኋላው ክፍት ስለሆነ ሁለት ሰው ተመችቶት ያጠምዳል። ዓሣው ወደ አፍንጫው የሮጠ ጊዜ ግን ዘንጋችሁን ከመስታወቱ በላይ አድርጋችሁ በዛች መሃል በር መሹለክ አለባችሁ፣ ያኔ ነው ሴንተር ኮንሶል ሚናፍቃችሁ። ሌላው፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ስለሆነ ብቻችሁን ስትነዱ ጀልባው ወደናንተ ያዘነብላል። ባትሪውና ሌላው ከባድ ዕቃ በሌላው ጎን መቀመጡን እዩ፣ ኋላ ጫፉ ላይ ትሪም ታብ፣ ማለትም ከፍ ዝቅ ሚል ጠፍጣፋ ሳህን ካለውም ያቃናዋል። ለዱዋል ኮንሶል ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በዛች በር ምክንያት ነው።

ቦውራይደር ከሩቅ ሲታይ ዱዋል ኮንሶል ይመስላል፣ ሻጮችም አንዳንዴ አደባልቀው ይጠሩታል። ልዩነቱ አሰራሩ ላይ ነው፣ ቦውራይደር ለመንሸራሸርና ለመዋኘት የተሰራ ነው፣ ግድግዳው ዝቅ ይላል፣ ወለሉን ምንጣፍ ሊያለብሱት ይችላሉ፣ ደም ምንጣፍ ላይ እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት። አፍንጫውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሶስት ከባድ ሰው ፊት አስቀምጣችሁ በፍጥነት እየሄዳችሁ ድንገት ፍጥነቱን ስትቀንሱት አፍንጫው ይደፋና ሞገዱ ዘሎ ይገባል። ሞተሩ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደሞ የቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ስር ይጠራቀማል፣ ከማስነሳት በፊት የአየር ማስወጫውን ፋን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ማሰራት ግዴታ ነው፣ የጀልባ ፍንዳታ ሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው ሚመጣው። ለተረጋጋ ሐይቅ፣ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ግን ቦውራይደርን ሚያህል ምቾት የለም፣ ያለው አለው።

አሁን ወደ ካቢን። ሁሉም ሰው ካቢን ይፈልጋል፣ ሻጩ በሯን ከፍቶ ፍራሿን ሲያሳያችሁ አዳር፣ ጨረቃ፣ ምናምን ይታያችኋል። 5 ሜትር ተኩል ላይ ያለች ካዲ ካቢን፣ ማለትም አፍንጫው ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ግን ቀጥ ብላችሁ መቀመጥ አትችሉም፣ ቀን ትሞቃለች፣ ሌሊት በትንፋሽ ግድግዳዋ ይረጥባል። መጨረሻዋ ላይፍ ጃኬትና እርጥብ ፎጣ ማጎሪያ ነው። ዋጋዋ ደሞ የተከፈለው በወለል ነው፣ ካቢኗ የፊቱን ሲሶ ከወሰደች ላጥማጁ ሚቀረው ኋላ ያለች ጉድጓድ ናት፣ መልህቅ ለመጣልም በካቢኗ ጣራ ላይ መውጣት ወይም ቀጭኗን ጠርዝ ይዞ መሄድ ነው፣ በሞገድ ሰዓት እሱን ለማንም አልመኝም። ጥቅም የላትም አልልም፣ ህፃን ይተኛባታል፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ይቀመጥባታል፣ ዕቃ ይቆለፍባታል። ግን ማደር ከፈለጋችሁ ጀልባውን አሳድጉ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ዎክ አራውንድ ሚባለው ይሄን ችግር ለመፍታት የመጣ ነው፣ በካቢኑ ግራና ቀኝ ዝቅ ያለ መተላለፊያ አለው። ሃሳቡ ቆንጆ ነው፣ ከ6 ሜትር ተኩል በታች ግን መተላለፊያውም ይጠባል ካቢኑም ይጠባል፣ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው ምታገኙት።

ፓይለት ሃውስ፣ ማለትም መሪው በመስታወት ቤት ውስጥ ያለው፣ ለብርድና ለዝናብ አገር ነው፣ ሰሜን አውሮፓ ላይ በብዛት ሚታየው ለዚህ ነው። ብርድ ከሌለ መስታወቱ ውስጥ መቀቀል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ቤቱ በጣም ወደ ፊት ከተሰራ ሹፌሩ ይደበደባል፣ ጀልባ ሞገድ ላይ ሲነጥር ክፉኛ ሚዘለው ፊቱ ነው፣ ከመሃል ወደ ኋላ ያለው ሰው ብዙም አይሰማውም። ለሴንተር ኮንሶልም ቢሆን ይሰራል፣ ኮንሶሉ ትንሽ ወደ ኋላ የገባ ሲሆን ለወገብ ይሻላል፣ በዛው ልክ ግን የኋላ ወለል ያንሳል።

የሆዱን ቅርጽ ሳላነሳ ብተወው ይህ ሁሉ ወሬ ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በነበረው የጀልባ ውድድር የጀልባ ነዳፊው ሬይ ሀንት የሰራው፣ ሞፒ የተባለው የበርትራም ጀልባ ክፉ ባህር ላይ አሸነፈ፣ ከዛ ወዲህ ሆዱ ጥልቅ ቪ የሆነ ጀልባ ሁሉም ሚመኘው ሆነ። ሞገድ እየሰነጠቀ ስለሚሄድ እውነትም ይመቻል። ነገር ግን ኋላው ላይ የቪው ጎን ከአግድም 20 ዲግሪና ከዛ በላይ ያዘነበለ ትንሽ ጀልባ ሲቆም ይንገዋለላል፣ ሁለት ሰው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሶስተኛው ይደናገጣል። ሚገርመው ያው ሬይ ሀንት እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ የወጣችውን የመጀመሪያዋን 13 ጫማ ቦስተን ዌለርም የነደፈ ሰው ነው፣ እሷ ደሞ ተቃራኒ ናት፣ ፊቷ ሰፊ፣ ቆማ ስትታይ እንደ ጠረጴዛ ማትነቃነቅ፣ ሞገድ ላይ ስትሄድ ግን ጥርስ ምታንቀጫቅጭ። አንድ ሰው ሁለቱን ሰርቶ ሁለቱንም በአንድ ጀልባ ማግኘት አልተቻለም ማለት ነው፣ ዛሬም ድረስ አልተቻለም፣ ከ15 እስከ 19 ዲግሪ አካባቢ ያሉት አማካዮቹ ናቸው ለትንሽ ጀልባ እኔ ምወዳቸው። የቦስተን ዌለሮቹ ሰዎች ጀልባዋ እንደማትሰምጥ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1961 መሃሏን በመጋዝ ሲቆርጧት ላይፍ መጽሔት ላይ ፎቶው ወጥቶ ነበር፣ ውስጧ በፎም የተሞላ ስለሆነ ግማሿም አልሰመጠችም። የምትገዙት ጀልባ ውስጥ እንዲህ አይነት ተንሳፋፊ ፎም መኖሩን ጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ በታች ላሉ አብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች ግዴታ ነው።

ጀልባው ላይ የተለጠፈችውን ምልክትም አንብቡ። አውሮፓ ውስጥ ለገበያ የቀረበ ጀልባ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚል ደረጃ አለው፣ ሲ ማለት እስከ 2 ሜትር ሞገድና በቦፎርት መለኪያ እስከ 6 ንፋስ፣ ዲ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሞገድና እስከ 4 ንፋስ ነው። አንዳንዱ ጀልባ በሲ አነስ ያለ ሰው፣ በዲ ደሞ በዛ ያለ ሰው ይጭናል ተብሎ ሁለቱም ይጻፍበታል፣ ሻጭ ሚነግራችሁ ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። ወንበር ቆጥራችሁ ሰው አትጫኑ፣ ወንበሩና ሚፈቀደው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። ነዳጁም ክብደት ነው፣ 100 ሊትር ቤንዚን ወደ 74 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ተጨማሪ ሰው በሉት፣ ታንኩ ወለሉ ስር መሃል ላይ ከሆነ ሲሞላም ሲጎድልም ሚዛኑ ብዙም አይቀየርም፣ ኋላ ከሆነ ግን ሞልታችሁ ስትሄዱ አፍንጫው ሰማይ ያያል።

ሹፌሩ ላይ ታስራ እሱ ከቦታው ሲወድቅ ሞተሩን ምታጠፋውን የሞተር ማጥፊያ ገመድ ነገር ሴንተር ኮንሶል ለሚገዛ ሰው አስረግጬ ነው ምናገረው፣ ቆሞ ሚነዳ ሰው ተወርውሮ ለመውጣት ቅርብ ነው። አሜሪካኖቹ ከኤፕሪል 1፣ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ባለ ጀልባ ላይ በፍጥነት ሲነዱ ማሰር ግዴታ አድርገውታል፣ መሪው በተዘጋ ካቢን ውስጥ ላለ ጀልባ ግን አይመለከትም፣ ይሄ ራሱ የመሪ ቦታ ምን ያህል ለውጥ እንዳለው ያሳያል።

ለሙከራ ስትወጡ ሻጩና እናንተ ብቻ ሆናችሁ እንዳትወጡ፣ ዘወትር ይዛችሁ ምትሄዱትን ሰው ሁሉ ጫኑና ሞተር አጥፉ፣ ከዛ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይምጣ። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ጋ እዩ፣ ሰዉ ኋላ ሲሰበሰብ ውሃ በተቃራኒው ወደ ወለሉ ከገባ 'ራሱን ያደርቃል' ሚሉት ነገር ባዶ ጀልባ ላይ ብቻ ነው ሚሰራው። ተነስታችሁ ስትነዱ ደሞ አጠር ያለው ሹፌር መሪ ላይ ይቀመጥ፣ ጀልባው ለመነሳት አፍንጫውን ሲያነሳ ፊቱን ለስንት ጊዜ ማየት እንደሚያቅተው ጠይቁት።

ያገለገለ ከሆነ ምትገዙት፣ ጫማችሁን አውልቁና ኮንሶሉ ስር ዙሪያውን በተረከዛችሁ ተጫኑት። ኮንሶሉና ወንበሩ በብሎን ወለሉ ላይ የታሰሩ ናቸው፣ በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ እየሰረገ ውስጡ ያለው ፕላይውድ ይበሰብሳል፣ ከላይ ቆንጆ ቀለም ተቀብቶ ስር ሲረገጥ ይሰምጣል። ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳም ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አነቃንቁት፣ ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ወይም ስንጥቅ ካሳየ፣ የወለሉ አከፋፈል የፈለገ ቢያምር ትታችሁት ወደ ሚቀጥለው ሂዱ።